እትዬ በላይነሽን መብራት አያጥፉ ብዬ የለመንኩበት ክረምት

የቀበሌያችን መብራት ኦፕሬተር ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ከቦንጋ የመጣው ኢንጂነር በወንዝ ውኃ የሚዞረውን ተርባይን አሳየኝና «ዋናው ሥራህ ሕዝቡን ማስቆጠብ ነው» አለኝ። ቀበሌያችን ከዋጫ ከተማ ወጣ ብላ ያለች ናት። ወንዝ ጠልፈን ያመጣነው መብራት ለሁሉም እንዲዳረስ ያልተፈለገ አምፖል መጥፋት ነበረበት። እኔም ቤት ለቤት እየዞርኩ «አጥፉ» ስል ከረምኩ። ሹመት ያገኘሁ ነበር የመሰለኝ።

ምክሬን ከሁሉ አብልጠው የሰሙኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ቤታቸው ኮረብታው ላይ ስለሆነ የእሳቸው አምፖል ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎ ያጠፋል።

በሁለተኛው ክረምት ማሞቂያው ተቃጠለ። ሰው ያልተጠቀመበትን ኃይል የሚበላልን፣ በርሜል ውኃ ውስጥ የተነከረ ማሞቂያ ነበር። እሱ ከሌለ መብራት በጠፋ ቁጥር ተርባይኑ ሸክሙ ይቀልለትና ይፈጥናል፤ ሲበዛም ኤሌክትሪኩን የሚያመነጭልንን ጄኔሬተር ያቃጥላል። ጄኔሬተሩ ከተቃጠለ መንደሩ ወደ ኩራዝ፣ እኔም ወደ አባቴ ማሳ መመለሳችን ነው። የውኃ መዝጊያው በእጅ የሚዞር ስለሆነ ቶሎ አይደረስበትም። ኢንጂነሩ በስልክ «መለዋወጫው እስኪመጣ ማንም እንዳያጠፋ» አለኝ።

በቀጥታ እትዬ በላይነሽ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲተኙም አያጥፉ።»

«አምና አጥፉ ያልከን አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ። ዘንድሮ ማሽኑ ታሞ ነው።»

«ከታመመ ይረፍ እንጂ። እኔ ለተኛ ሰው መብራት አላበራም፤ ግፍ ነው።»

ሲመሽ እንዳሉትም አጠፉ፤ ሰፈሩም ተከተለ። ተርባይኑ ሲያፏጭ ሰምቼ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ሮጬ ለጥቂት ደረስኩና ውኃውን ዘጋሁት።

በማግስቱ ልቆጣ ሄድኩ። እትዬ በላይነሽ የሞተ ጫጩት ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። የጫጩቶቹን እናት ሸለምጥማጥ በልቷት የቀሩትንም ጫጩቶች ብርዱ እየፈጃቸው ነበር። አንጀቴን በሉት። አምፖሉ የድሮው፣ እንደ ፍም የሚግለው ዓይነት ነው። ገመዱን ቀጠልኩና ከጫጩቶቹ ቅርጫት በላይ አንጠለጠልኩላቸው።

«ይሞቃቸዋል?»

«ካላጠፉት ይሞቃቸዋል።»

«ለእነሱ ከሆነማ ለምን አጠፋለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ ሁሉ «ለእኛም ቀጥልልን» እያለ መጣ። ጫጩት የሌለው እርጥብ በርበሬውን አምፖል ሥር አሰጣ። ተርባይኑ ረጋ፤ እኔም እንቅልፍ አገኘሁ።

አዲሱ ማሞቂያ ከተገጠመ በኋላ «አሁን ማጥፋት ትችላላችሁ» እያልኩ ዞርኩ። እትዬ በላይነሽ ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ አንተ መጀመሪያ ከራስህ ጋር ተስማማ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ «አብሩ» ወይም «አጥፉ» ከማለቴ በፊት ሰዎቹ መብራቱን ለምን እንደሚፈልጉት እጠይቃለሁ። ለወጣት ኦፕሬተሮችም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከዚያ ገመድ ዘርጉ።