ጽዋው ያልገባበት ቤት

«አንቺ ወንድምሽን ሳታስገድይ አታርፊም።»

እንዲህ ያለችኝ እናቴ ናት፤ የማርያም ማኅበርተኞች ቤታችን ሞልተው ሳለ። ጥፋቴ፣ ጽዋውን ለመውሰድ ተረኛዋ ማን እንደሆነች መናገሬ ነው።

ተረኛዋ ጎረቤታችን ነበረች። አስመራ ተወልዳ፣ ሾፌር ባሏን ተከትላ ቦንጋ የገባችው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴ ገበያ ስትውል እኔንና ወንድሜን የምታበላን እሷ ነበረች። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ግን ሰላምታዋን የሚመልስ ጠፋ። በዚያ ሰሞን ወደ ኤርትራ ከሚባረሩት ጋር ስሟ ወጣ፤ ሰኞ ትሄዳለች። የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ ጽዋው እስከ ሰኞ ቤቷ ይደር። ግንባር ላለው ወንድሜ ተስላ ነበር።

ወንድሜ ከሄደ የጻፈልን አንዴ ብቻ ነው። እናቴን የሚያንቀጠቅጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጽዋው ጠላት ቤት ካደረ ማርያም ልጄን ትተወዋለች ብላ ነው። እኔም ድል ሆነ ሲባል እልል ብያለሁ፣ አልክድም። ግን አስመራ ያለችውም እናት የምትጮኸው ወደዚችው ማርያም ነው። የማንኛዋን ትስማ?

የማኅበሩን አባት ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ጠላትህን ውደድ የተባለው ለማን ነው?»

«አሥረኛ ክፍል ጨረስኩ ብለሽ አባን ልታስተምሪ ነው?» አለች አንዷ። ተሳቀ።

አባ አልሳቁም። አገር የእግዜር አደራ ናት፣ ልጆቿ እየረገፉ እዚያ ቤት ገብቼ ብባርክ ሕዝቡ ምን ይለኛል አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ «እኔስ የት እገባለሁ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጽዋው ከእሷ ቀጥላ ላለችው ተሰጠ። በነጠላ ሸፍነው እየዘመሩ ሲወጡ ጎረቤታችን በሯን ከፍታ ቆማ ነበር። በፊቷ አለፉ።

እኔ ገባሁ። ለጽዋው መቀበያ የጋገረችው ድፎ ዳቦ እንዳለ ነው፤ ከማንኪራ ጫካ በመጣ ማር ብርዝ በጥብጣለች። ሁለታችን ብቻ ቆመን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። መጀመሪያ የጠራችው የወንድሜን ስም ነው። ከዚያ ዳቦውን ቆረሰች። የቀረ ሰው ድርሻው ይላክለት የለ፣ የእናቴን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ወስጄ እናቴ ፊት አስቀመጥኩት።

«ለልጅሽ ጸልያ የቆረሰችው ነው።»

እናቴ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«ቀምሼው ልጄ ቢሞትብኝስ?»

ነጠላዬን አንስቼ ወደ ጎረቤታችን ተመልሼ ሄድኩ።