ለመንቀጥቀጡ የተመደበ በጀት

ባሌ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለን። መንቀጥቀጡን ለመድነው። እኔን ያስፈራኝ ሌላው ነበር፦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋሉ፣ ምግብ መግፋቱ፣ ጠዋት ጠዋት "ምነው እንደተኛሁ በቀረሁ" ማለቱ።

በመንግሥት በጀት በሽታውን የሚያጠና ተመራማሪ አምቦ ከተማ፣ ቤታችን ድረስ ሲመጣ ደስ አለኝ። እጁን አየ፣ አረማመዱን አየ። ስለ መንፈሱ ሊጠይቀው ሲል የባሌ ታላቅ እህት ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቤቴን ሁልጊዜ እንደ ራሷ ቤት ነበር የምትገባበት።

"ኦቦ፣ ሰሞኑን ይከፋዎታል? መኖር ያስጠላዎታል?"

ባሌ ከንፈሩን ሲያላውስ እህቱ ቀደመችው። "ተመስገን በል እንጂ! እንግዳ ፊት አምላክህን ልታማርር ነው?"

"ተመስገን" አለ።

"ውሸቱን ነው" አልኩ። "ዛሬ ጠዋት እንኳ ሞቱን ሲለምን ነበር።"

"ስሙልኝ! የሚንቀጠቀጥ ባል አነሳትና እብድ ልታሰኘው ነው። ኋላ የኔን ሴት ልጆች ማን ያገባልኛል?"

ተመራማሪው አቀረቀረ። "እማማ፣ ደንቡ ሕመምተኛው ራሱ ያለውን ብቻ ያዝ ነው የሚለኝ።" ያንኑ ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ለእኔም መናገር ተወ። ፍልሰታ ሲገባ ጾመ፤ ጾሙ ሲፈታ እሱ አልፈታም። ሐኪም ልጥራ ስል እህቱ በር ላይ ቆማ ከለከለችኝ። "ወንድሜ እኮ መንኗል" እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ትኮራበት ነበር። መስቀልን ሳያይ ሞተ።

ተመራማሪው ለሥራ ወደ እጃጂ ከተማ ሲያልፍ ሰምቶ ለቅሶ መጣ። አጠገቤ ሲቀመጥ የመንፈሱ ጥናት የት እንደደረሰ ጠየቅሁት።

"የመንቀጥቀጡ በጀት ቀጥሏል። የድባቴውን ግን ከለከሉን። የጠየቅነው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ተመስገን ነው ያለን። ችግር አለ ብለን በምን እናሳይ?"

"እኔ ነግሬህ ነበር።"

"ነግረውኛል" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

የባሌ እህት ንፍሮ ይዛለት መጣች። "ብላ ልጄ። ወንድሜ ሳይሰቃይ ነው የሄደው፣ ተመስገን።"

አንድ ጭብጥ ዘገነና ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎስ፣ እማማ፣ እንዴት ነዎት?"

ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያየኛል።

"ተመስገን" አልኩት።