ወደ ኤረር የማይወርድ ውሃ

ሐኪም ጋራ ላይ ደመና ሲጠቁር የሐረር ሰው ፊቱ ይፈካል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ አንዳንዴም ፈረቃው ራሱ በሚረሳበት ከተማ ዝናብ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቤት ግን ደመና ሲታይ እናቴ ትገረጣለች። ብድግ ብላ ጀሪካኑን፣ ሳፋውን፣ ባልዲውን ከአሸንዳው ሥር ትደረድራለች። የሞላውን ወደ ውስጥ ታስገባለች፣ ባዶውን ታወጣለች። ጎረቤቶቻችን ቤታችንን "የውሃ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ" ይሉታል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ አልጋዬ ሥር እንኳ ጀሪካን ተደርድሮ ምን ላድርግ?

ያልገባኝ ውሃው የማይነካ መሆኑ ነበር። ቧንቧ ጠፍቶ ልብስ ሲከመር "ከበርሜሉ ልቅዳ?" ስላት ትቆጣለች። ከዚያ እኔ ጀሪካን ይዤ ሰው ቤት ልመና እወጣለሁ።

ይህ ሁሉ የመጣው ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው። ወንድሜ ሶማሊያ ድንበር አጠገብ፣ ዋቢ ሸበሌን አግዶ ወደ መስኖ በሚመልስ ግድብ ላይ ይሠራ ነበር። ሥራው የግድቡን የብረት በሮች መክፈትና መዝጋት ነው። ሲደውል "ከእናንተ የወረደ ጭቃ ወንዙን አቀላው፤ የሐረርን ቆሻሻ የምጠርገው እኔ ነኝ" እያለ ይቀልድብን ነበር። አንድ ጊዜ ደጋው ላይ ዝናቡ አላባራ አለ፤ እዚያ ታች ጎርፍ መጣ። ባልደረቦቹ እንደነገሩን የመጨረሻውን በር ሊያነሳ በግድቡ አናት ላይ ሄደ። ውሃው መሸጋገሪያውን ከነወንድሜ ጠርጎ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ድንበር ተሻግሯል አሉን። አስከሬን በሌለበት የሚሰገደው ሰላተል ጋኢብ ተሰገደለት። በሐዘን በደስታ የማይለየን የሰፈሩ ማኅበር፣ አፎቻችን፣ መጥቶ ተቀመጠ፣ ዱዓ አድርጎ ተነሳ። እናቴ አላለቀሰችም። ሄደን የምንቆምበት መቃብር የለንም።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ የነበረ ባልዲ ውስጥ ትል አየሁና ወደ መንገዱ ደፋሁት። እናቴ ሮጣ ወጣች።

"ምን አደረግሽ?"

"ትል አፍርቷል እኮ! በወባ ልናልቅ ነው?"

"የት ሄደ?"

"የት ይሄዳል፣ ቁልቁል ነዋ!"

የበሩ ደፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ውሃው በጠባቡ መንገድ ሲወርድ በዓይኗ ተከተለችው። "ከዚህ ወደ ኤረር በር ይወርዳል" አለች። "ከዚያ ኤረር ወንዝ ይገባል። ኤረር ደግሞ ሸበሌ ይገባል። እዚያ ልጄ አለ። የወረደበት ይበቃዋል፣ ከኔ ቤት ጠብታ አይጨመርበት።"

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። የእኛ ባልዲ ሸበሌን እንደማይሞላው፣ የሞተ ሰው ሁለተኛ እንደማይሰምጥ ልነግራት። ባዶውን ባልዲ አንስቼ ገባሁ። ይባስ ብሎ ነገሩ ወደ እኔም ተጋባ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስትገባ የሳፋው ውሃ ነጸብራቅ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ማንም ሳይነካው። ወንድሜ የገባ ይመስለኝና ዞሬ በሩን አያለሁ። ፊቴን ታጥቤ እጣቢውን ስደፋ "ይቅር በለኝ" እላለሁ። ልጆች የማስተምር ሴት፣ በገዛ ቤቴ ውሃ ፈራሁ።

ባለፈው በጋ፣ ወደ ፈላና በር በሚወስደው መንገድ ያለ የጎረቤት ልጅ ታሞ ሞተ። ገና ወጣት ነበር። ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ይመጣል የተባለው የውሃ ቦቴም ቀርቷል። ጀናዛው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት መታጠብ ነበረበት። የሟቹ አጎት በራችን ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

"እናታችን፣ እርስዎን ማስቸገር አልነበረብንም። ልጁን የምናጥብበት ውሃ አጣን።"

 እኔ መግቢያ ጠፋኝ። እምቢ ብትል እነዚህን ሰዎች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እሺ ብትልስ እሷ ምን ትሆናለች? ለእናቴ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ አይደለም፤ ከልጇ ላይ የመለሰችው ጎርፍ ነው።

"ያጠባችሁበት ወዴት ይፈሳል?" አለች በመጨረሻ።

ሰውየው ግራ ገባቸው። "ያው… ወደ ታች ነው እንጂ።"

ቁልቁለቱን በዓይኗ ተከተለች። ከዚያ ተነስታ የበርሜሉን ክዳን ራሷ አነሳች። ሰውየው ሊቀዱ ጎንበስ ሲሉ ግን ባልዲውን ያዘችባቸው።

"እንዲህ እንደቀዘቀዘ አይወስዱትም።"

ከሰል አቀጣጥላ ትልቁን ድስት ጣደች። ከአጎትየው ጋር የመጡት ወንዶች ውጭ ቆመው ሲጠብቁ እሷ እሳቱን ታራግባለች። ላግዝ ብዬ ብጠጋ በእጇ መለሰችኝ። ውሃው ሲሞቅ እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ነከረች፤ ሕፃን ሲታጠብ እንደሚደረገው። ጥቂት ቀዝቃዛ ጨመረችና እንደገና ነከረች። ያን ጊዜ እንባዋ ወረደ። አልጠረገችውም።

"አሁን ውሰዱት" አለች። "ቶሎ በሉ፣ ልጁን እንዳይበርደው።"