የቡሽራ ተራ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው የማንጎ ወቅት ነው። የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ዱብ ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ ጁምዓ ይመጣብኛል። አሶሳ ውስጥ ደግሞ በዚያ ወቅት ማንጎ የማይወድቅበት ጣሪያ የለም፤ ስለዚህ ልርሳው ብልም አልችልም። እስካሁን ሙሉውን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነበርን። አሁን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሥራዬ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ነው። ቤቱን የከፈትነው ከጓደኛዬ ከቡሽራ ጋር ሲሆን፣ ክፍሏ በእናቱ በእማማ ዘይነብ ግቢ ውስጥ ናት። አንድ በር ወደ መንገድ፣ ሌላ በር ወደ ጓሮ አላት። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ቡሽራ በርታ ነው፣ የአገሩ ተወላጅ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው።

ሥራ ስንጀምር የገዛነው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የቀድሞ ባለቤቱ የተወው አንድ ጨዋታ ነበር። ግንብ ትሠራለህ፣ ጀግናህን በፈረስ ትልካለህ፣ ከዘንዶና ከአጽም ወታደር ጋር ትዋጋለህ። ያልረገጥከው ምድር ሁሉ ጥቁር ነው። ዋናው ነገር ግን ጨዋታው በተራ መሆኑ ነው። እኔ ጨርሼ ማዕዘን ላይ ያለችውን የአሸዋ ሰዓት ካልነካሁ በቀር ቡሽራ አንዲት እርምጃ መራመድ አይችልም። ዓለሙ በሙሉ ቆሞ ይጠብቃል።

ደንበኞች ሲያዩት «ይሄ ነገር እስካሁን አለ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ዛሬ ስልክ ላይ ያለው ጨዋታ ያጣድፍሃል፤ ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ሞተሃል። ይሄኛው ታጋሽ ነው። ደንበኛ አስተናግደህ፣ ሻይ ጠጥተህ፣ መብራት ሄዶ ከቀናት በኋላ ቢመጣ እንኳ ካስቀመጥክበት ቦታ ታገኘዋለህ። እኔና ቡሽራ ከሌላው ሁሉ እሱን የወደድነው ለዚህ ይመስለኛል።

በኋላ ለሥራው ሌላ ኮምፒውተር ብንገዛም ጨዋታው ያለው አሮጌው ላይ ብቻ ስለሆነ ሕግ አወጣን። አንዱ ሲጫወት ሌላው እንዳያይበት ይወጣና ጓሮ ያለው ማንጎ ሥር ይቀመጣል። ተጫዋቹ ሲጨርስ የአሸዋ ሰዓቷን ነክቶ ይጣራል። ያኔ ስክሪኑ ይጠቁርና የባለተራው ስም ብቻ ይወጣል፤ ስሙን ሲነካ ካርታው ይከፈትለታል። የሌላውን ተራ መንካት ነውር ነው። እማማ ዘይነብ የቤት ቋንቋቸው በርታኛ በመሆኑ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላሉ፤ ቡሽራም በእናቱ አነጋገር እየቀለደ «ሰይድ! ያላ፣ ተራሽ ነው!» ብሎ ይጠራኝ ነበር። ስሜን ጎትቶ ጎትቶ ነው የሚጠራው።

ቡሽራ የሞተው በበጋ ነው። መንጌ ላይ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጣ አጎቱ ሰው አንሶት በመኪና ሊወስደው መጣ። ቡሽራ ተራው ላይ ነበር፤ እኔ ማንጎው ሥር ነኝ። መኪናው ክላክስ ሲያደርግ ጨዋታውን ባለበት ሴቭ አድርጎ ወጣ። «ተራዬን እንዳትነካ፣ ስመለስ እጨርሳለሁ» አለኝ። መንጌ ላይ የወርቁ ጉድጓድ ተናደበት። የመጣልን አስከሬኑ ነው።

አስከሬኑ ከግቢ ሳይወጣ አጎቱ እንደ ወጉ ቆሞ «ቡሽራ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፤ ከሌለም አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት» አለ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለነዋል» አለ። እኔ አፌ አልተላቀቀም። ልናገር ፈልጌ ድምፅ አጣሁ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ያንን ጨዋታ መክፈት ልማድ ሆነብኝ። ጁምዓ የጨዋታ ቀናችን ነበር። ከፍቼ ስሙ የሚወጣበት ላይ አቆመዋለሁ። አልጫወትም፣ ተራውንም አልነካም። ስሙን ትቼው መንገድ ላይ ያለውን በር ቆልፌ መስጊድ እሄዳለሁ፤ ስመለስ አጠፋዋለሁ። ምን ፈልጌ እንደማደርገው ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ብቻ ቡሽራ እዚያ ውስጥ ገና እየተጫወተ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያለው ስም የቡሽራ አልነበረም። የኔ ነበር።

በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ቆሜ ቀረሁ። ማውዙን ልነካው አልደፈርኩም፤ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። መብራት ተጫውቶበት ነው፣ ማሽኑ አርጅቷል አልኩ ለራሴ። ሲነቀል ሴቭ አልተደረገምና በሚቀጥለው ጁምዓ ስከፍተው እንደ ድሮው የቡሽራን ስም አሳየኝ። ደስ አለኝ። ትቼው መስጊድ ሄድኩ።

ስመለስ እንደገና የኔ ስም ነው ያለው። አሁን ደግሞ ወንበሩ ወደ ኋላ ተስቧል፤ ቡሽራ ሲነሳ ትቶት እንደሚሄደው። ያንንም ቀን ነቅዬው ወጣሁ።

የጓሮው በር ቁልፍ እማማ ዘይነብ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። ግን እሳቸው ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያቺን ክፍል ሲረግጧት አይቼ አላውቅም። ልጃቸው በሕይወት ሳለም ያንን ማሽን «የኢብሊስ ሳጥን» ነበር የሚሉት፤ ከርከዴ ሻይ ሲያመጡልን እንኳ ራቅ ብለው ቆመው ነው የሚያቀብሉን። እሳቸውን መጠርጠር ወደ ልቤም አልመጣም።

ለባለቤቴ ለመዲና ነገርኳት። «ጅን ነው» አለች፣ ሳታስብበት።

«ጅን ቢሆን ሥራ ሲበዛብኝ ደብዳቤ ይተይብልኝ ነበር» አልኳት።

አልሳቀችም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጆች እዚያ ቤት ይገባሉ ይወጣሉ። ከመጪው ጁምዓ በኋላ ያ ማሽን እዚያ እንዳላየው፤ አጥፋው፣ አውጣው፣ የፈለግከውን አድርገው።»

እሺ አልኳት። ግን ማሽኑ ከወጣ ጨዋታውም አብሮ ይጠፋል፤ ቡሽራ ሳይጨርስ የተወው ነገር ከዚያ በቀር የለኝም። ቢቀመጥ ደግሞ እፈራዋለሁ። ሰው የሚወደውን ነገር እንዲህ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በመጪው ጁምዓ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መስጊድ አልሄድኩም። ጨዋታውን ከፍቼ የቡሽራን ስም አወጣሁና የመንገዱን በር ቆልፌ ዞርኩ። ጓሮ ገብቼ ማንጎው ሥር፣ ከወፍራሙ ግንድ ኋላ፣ ድሮ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀኑ ጠራራ ነበር። ሰው ሁሉ መስጊድ ስለሄደ ሰፈሩ ጭር ብሏል። አልፎ አልፎ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ሲል ክው እላለሁ። ሙቀቱ ሳይሆን አይቀርም፣ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ።

ያነቃኝ የወንበሩ ድምፅ ነው። ያ ወንበር ሰው ሲቀመጥበት እንደ አሮጌ በር ይጮኻል፤ አልሳሳትበትም። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም። ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ቀጥሎ የማውዙ ጠቅታ ሁለቴ ተሰማኝ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። «ሰይድ! ያላ፣ ተራሽ ነው!»

ስሜ እንደዚያው ተጎትቷል። ፀጉሬ ቆመ። የሚገርመኝ ግን አፌ ነው፤ እኔ ሳላዘው ለዓመታት እንደለመደው «መጣሁ» አለ። መጣሁ ካልኩ ወዲያ መሸሽ ነውር መሰለኝ። ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ።

ክፍሉ ጨለም ብሏል። ከስክሪኑ ፊት ነጭ ነገር ተቀምጧል፤ ከራሱ እስከ ወንበሩ እግር ነጭ። ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ሴቶች የሚከናነቡት ቶብ መሆኑን፣ ቶቡም የእማማ ዘይነብ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

«እማማ? እርስዎ ነዎት?»

ሳይዞሩ መለሱልኝ። «ሁለቴ ሰጠሁሽ። ሁለቴ መለስሽው። ልጄ ምን አደረገሽ፣ ሰይድ?»

«ምኑን ነው የመለስኩት፣ እማማ?»

«ተራውን።» እጃቸውን ከማውዙ ላይ አላነሱም። «ወንድሜ 'ሐቅ ያለው ይናገር' ሲል አየሁሽ። ሰው ሁሉ 'አውፍ' አለ፣ አንቺ ዝም አልሽ። ይሄ ልጅ ቡሽራ ላይ ሐቅ አለው አልኩ። ምን ይሆን? ጁምዓ ጁምዓ ስሙን ትከፍቺያለሽ፣ ትሄጃለሽ፣ ትመጫለሽ። በመስኮት አይሻለሁ። ከዛ ገባኝ። ውጪ አስቀምጦሽ ሄደ። ሳይጠራሽ ሄደ።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«በህልሜ ይመጣል። እዚህ ወንበር ላይ ነው። ጀርባውን ብቻ ነው የማየው። 'ቡሽራ፣ ተነሺ' እለዋለሁ። 'አልጨረስኩም፣ ዩማ፣ እናቴ' ይለኛል። ሁልጊዜ እንደዛ። ከርከዴ ሳመጣ አይቼዋለሁ፤ ስሙን ይነካል፣ ማዕዘን ላይ ያለችውን የአሸዋ ይነካል፣ አንቺን ይጠራል፣ ይነሳል። እኔም ነካሁለት፣ ጠራሁለት። አንቺ ግን መልሰሽ አስቀመጥሽው። አውፍ የማትይው ለምንድን ነው?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ በፍርሃት ገመዱን እየነቀልኩ ሳጠፋው፣ እሳቸው ዘንድ ግን የልጃቸውን ይቅርታ እየከለከልኩ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ ጅን ስፈራ፣ እኚህ እናት ልጃቸው ከዚያ ወንበር እንዳይነሳ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብለው ሲያዝኑ ከርመዋል።

«ፈርቼ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «ወላሂ ቡሽራ ላይ ምንም የለኝም። ያን ቀንም ዝም ያልኩት ልቅሶ አንቆኝ ነው። ማሽኑንም የነቀልኩት ጅን መስሎኝ ነው።»

ዞር ብለው አዩኝ። «እኔን ጅን አልሽኝ?» አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። «በይ አሁን፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብለሽ በይው።»

ጮክ ብዬ፣ አስከሬኑ ፊት ማለት የነበረብኝን ያህል ጮክ ብዬ፣ «አውፍ ብዬዋለሁ» አልኩ። ሦስት ጊዜ አስባሉኝ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተነሱ። ወንበሩ ጮኸ። ቶባቸውን ሰብስበው በጓሮው በር ወጡ።

ተቀመጥኩና ሴቭ አደረግኩት፤ አሁን ተራው የኔ ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ካርታዬን ከፈትኩ። የቡሽራ ጀግና ከነሠራዊቱ ዋናው ግንቤ በር ላይ ቆሟል። እኔ እዚያ ማንጎ ሥር አድብቼ አሸንፈዋለሁ እያልኩ ስቀመጥ፣ እሱ ጥቁሩን ምድር ዞሮ መጥቶብኛል። የቀረው አንድ እርምጃ ነው። «አንተ ሌባ» አልኩት። ስቄ ሳልጨርስ ለቅሶ መጣብኝ፤ ደንበኛ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ አለቀስኩ።

መዲና ሙሉውን ስትሰማ «እንግዲያው ይቀመጥ» አለች። ግን እስከ ዛሬ ጁምዓ ቀን እዚያ ክፍል አትገባም።

ማሽኑ አለ። ጨዋታውንም ጁምዓ ጁምዓ እከፍተዋለሁ፤ የኔን ስም አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። አልጫወትም። ጨርሼ የአሸዋ ሰዓቷን ብነካ ተራው ተመልሶ ቡሽራ ላይ ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ ተመልሶ ያ ወንበር ላይ ይቀመጣል ብዬ እፈራለሁ። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ማሰቤ ያሳፍረኛል። ቢሆንም አልነካትም።

እማማ ዘይነብን አንድ ቀን ህልሙን ጠየቅኳቸው። «አይመጣም አሁን» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው ከፊታቸው መለየት አልቻልኩም። መልሼም አልጠየቅኳቸውም።

አልፈራም ብል ውሸት ነው። ጠራራ ሲሆን ማንም ሳይቀመጥበት ያ ወንበር አንዳንዴ ይጮኻል። እንጨት ነው፣ ሙቀት ነው እላለሁ። ያም ሆኖ ቀና ሳልል በሌላው ኮምፒውተር ሥራዬን እየተየብኩ፣ «ተራው የኔ ነው ቡሽራ፣ አንተ እረፍ» እለዋለሁ።