ከእጁ ያመለጠው መሪ

በጭነት መኪና ተራው ሰው ሁሉ «ብረቱ» ነበር የሚለው። መሪ ሲጨብጥ እጁ የማይላወስ፣ ቁልቁለት ላይ እንኳ ጎኑ ለተቀመጠው ሰው ቀልድ የሚያወራ ሾፌር ነበር። መኪናዋ የአባቱ ነበረች፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎቿ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ፣ ከጡብና ከአሸዋ በቀር ሌላ ጭነት የማታውቅ አሮጊት። አባቱ ሲሞቱ ወንድሞቹ «ይቺን ቆርቆሮ እንሽጣት» ቢሉት አሻፈረኝ አለ። «እኛን ያሳደገችን ማን ሆነና ነው?» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱን ከገበያ አሳፍሮ ሲመለስ ነው ነገሩ የጀመረው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ከታች ድልድይ አለ። አስፋልቱና ድልድዩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጎርበጥ የምትል ክፍተት ነበረች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያልፍባት ኖሯል። የዚያን ቀን ግን የፊት ጎማው ክፍተቷን ሲመታ መሪው ከእጁ ዘለለ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ! ጎማዎቹ የተጣሉ ይመስል የመኪናዋ ፊት ተንዘፈዘፈ፤ መስታወቱ ተንቀጫቀጨ፤ በሚስቱ ጭን ላይ የነበረው ሽንኩርት ወለሉ ላይ ተበተነ። እንደምንም ፍሬኑን ቀስ እያለ ይዞ ዳር አወጣት። ፍጥነቷ ሲበርድ መንቀጥቀጡም በረደ። ወርዶ ዞር ዞር ብሎ ቢያያት ምንም የላትም። ሚስቱ የበሩን እጀታ የጨመደደችበትን እጇን ማላቀቅ አቅቷት እዚያው ቀረች።

የሚስቱ ወንድም መካኒክ ነበር፤ እሱ ያለው ነገር በሰፈሩ ይግባኝ የለውም። መጀመሪያ «ጎማው ነው» ብሎ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ባላንስ አስደረገው። ቀጥሎ መሪው እንዳይዘል የሚያለዝበውን አሞርዛተር በአዲስ ቀየረው። መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ ፀጥ አለች፤ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ጡብ ጭና ያቺኑ ክፍተት ስትመታ ያው አመሏ አገረሸ። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹን ነቀነቀ፤ ምንም አላገኘም። ባዶዋን በለስላሳው መንገድ ነድቷት ተመለሰና ቁልፉን ወረወረለት።

«መኪናህ እንደ ቅቤ ትንሸራተታለች። አንተ ነህ የፈራኸው፣ ወንድሜ።»

ብረቱ ወደ ሚስቱ ዞረ። አብራው ነበረች፤ አይታለች። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ የቀሚሷን ጫፍ ታፍተለትል ነበር።

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ይሮጣል። ብዙም ሳይቆይ ተራው ላይ «ብረቱ» ቀርቶ «ቄጤማው» ሆነ። እሱም ሲስቁበት አብሮ ሳቀ። ክፉው ነገር ማታ ማታ የሚያስበው ነበር፤ «ይኼ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ ልሆን ነው?» እያለ የገዛ እጁን ይመረምራል። ገና ድልድዩ ጋ ሳይደርስ መዳፉ ማላብ ጀመረ። «ጥፋቱ የእጄ ነው እንግዲህ» አለ። የአባቱን መኪና ለአንድ ጣውላ ነጋዴ ሸጣትና ሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ የሚገቡ የሚወጡ መኪናዎችን የሚያስተናግድ ሰው ሆነ። ወንድሞቹ «እኛ ስንልህ እምቢ ብለህ!» አሉት።

ልጆቹ አድገው ከቤት ወጡ፤ ጠጉሩም ሸበተ። አንድ ጠዋት አንዲት መኪና መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ቀለሟ ተቀይሯል፤ የአባቱ አካፋ ያጎደጎዳት በሯ ግን ያው ነው። ቱታ የለበሰች ወጣት ሴት ዘላ ወረደች፤ የጣውላ ነጋዴው ልጅ ነበረች፤ ብየዳ ተምራ ነው ያደገችው።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና አትንቀጠቀጥም?» አላት።

«ትንቀጠቀጥ ነበር እንጂ! አባቴን ገደል ልትከትብኝ ምን ቀራት? እርስዎ በምን አወቁ?» አለች እየሳቀች።

«የኔ ነበረች።»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት መሬት ላይ አነጠፈችለትና አብረው ከሥር ገቡ። አክስሉን ከመኪናዋ አጽም፣ ከሻንሲው ጋር አግድም የያዘውን ወፍራም ዘንግ በጣቷ አሳየችው።

«አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ይኼ ነው። የቡሎኑ ቀዳዳ ተበልቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ነበር። ጎርባጣ ስትመታ አክስሉ ወደ ጎን ይዘላል፤ ጎማው ይከተለዋል፤ መሪው ደግሞ ጎማውን። አዲስ አሞርዛተር ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።»

«ያኔ በክሪክ አንስተን አይተናት ነበር እኮ።»

«ተንጠልጥላማ ምን ታሳያለች? እኔ በጎማዋ እንደቆመች ከሥር ገብቼ አባቴን መሪውን ግራ ቀኝ ወዝውዝ አልኩት። ዘንጉ ጫፉ ላይ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁት። ቀዳዳውን በየድኩ፣ እንደገና ክብ አድርጌ በሳሁት፣ በአዲስ ቡሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በቃ።»

«ብዙ ደከምሽ?»

«ኧረ ግማሽ ቀንም አልፈጀብኝ።»

ግማሽ ቀን። እዚያው እንደተጋደመ ዘንጉን በእጁ ያዘው፤ ፍንክች አይልም።

ልጅቷ ሐዘኑ ገብቷት ነው መሰል ቁልፉን ዘረጋችለት። «እስቲ እስከ ድልድዩ ይንዷት።» ወጥቶ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ መዳፉ ወዲያው አላበው። «መንጃ ፈቃዴን ካሳደስኩ ቆየሁ» ብሎ አሳበበና ወረደ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታጣጥፋለች። ቁጭ ብሎ ከሥር መሠረቱ ነገራት፤ ቀዳዳውን፣ ዘንጉን፣ ግማሽ ቀኑን። ስታጥፈው የነበረው ሸሚዝ እጇ ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ አይቼ ነበር» አለች። «መሪው ሲዘል፣ አንተም ስትታገለው። እጅህ አልነበረም። ወንድሜ እንደዚያ ሲልህ ዝም ያልኩት... እውነቱን ብናገር አስጠግነህ መንዳትህን አትተውም ብዬ ነው። ልጆቹ ገና ሕፃናት ነበሩ። አባት እንዳያጡ ብዬ።»

«እኔ እኮ በራሴ እጅ ነው እምነት ያጣሁት» አላት ቀስ ብሎ። «ሰው በገዛ እጁ እምነት ሲያጣ ምን ይቀረዋል?»

አለቀሰች። እሱ አልተቆጣም፤ ቁጣውም ቢፈለግ ከዓመታቱ ጋር ሄዷል። ብዙ ቀን አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «እኔም በአንቺ ቦታ ጋቢና ውስጥ ሆኜ፣ ልጆቹም ቤት እየጠበቁኝ ቢሆን፣ ያንኑ አደርግ ነበር» አላት።

«አታደርግም» አለችው፣ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል። «አንተ ትናገር ነበር።»

እውነቷን እንደሆነ ያውቃል። ጫማውን አስሮ ጨረሰና ወደ መጋዘኑ ሄደ።