የሳይበር ቤቱ መስኮት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ ንጉሤ ወንበር አሳዩኝና፣ "ጣትሽ ይፍጠን፣ ዓይንሽ ከስክሪኑ አይነሳ" አሉኝ። የሳይበር ቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ ለሰው የመንግሥት ፎርም በኢንተርኔት እንሞላለን። ትእዛዛቸውን ለዓመታት እንደ ጾም ጠበቅኩት።

የራሴንም ብልሃት ጨመርኩበት። አቧራና ፀሐይ እንዳይገባ መስኮቱን በካርቶን ደፈንኩት። በጨለማው ክፍል ስክሪኑ ፍንትው ብሎ ሲታየኝ ኮራሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፤ ግንባሬን ይወጋኛል። ከገበያ መነጽር ገዛሁ። ሻጩ ዕድሜዬን ብቻ ጠይቆ ነው የመረጠልኝ፤ ራስ ምታቱ ባሰብኝ።

ኦቦ ገልገሎ ኡራን ከሚባል መንደር በጭነት መኪና የሚመጡ ከብት አርቢ ናቸው። ልጃቸው ዲራሞ ነርስነት ለመማር የምታመለክትበትን ፎርም እኔ ሞላሁላት። በሳምንቱ አባትና ልጅ ተመልሰው መጡ። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል፤ የመታወቂያዋ ቁጥር ላይ ያለውን ሦስት ስምንት አድርጌዋለሁ። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዲራሞ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ያ ከስድብ ይበልጥ አመመኝ።

አባትየው ካርቶኑን አዩና፣ "ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "ግመል እንኳ ውኃ ስትጠጣ ቀና ብላ ታያለች፤ ከዚያ ደግማ ትጠጣለች። አንቺ ጠዋት ያቀረቀርሽ ማታ ነው የምትነሺው?"

ዲራሞን፣ "ኪታምቡሊሾሽን፣ መታወቂያሽን አውጪ" አልኳት። እሷ ከመታወቂያዋ፣ እኔ ከስክሪኑ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብለን አመሳክረን ላክነው።

በማግሥቱ የዓይን ነርስ ዘንድ ሄድኩ። መርምራኝ እንዲህ አለችኝ፦ "ዓይንሽ ደክሟል እንጂ አልታመመም። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ማርገብገብ ይረሳል፣ ዓይኑም ይደርቃል። በየሃያ ደቂቃው ሩቅ ተመልከቺ። ስክሪኑን ከዓይንሽ ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ደግሞ ሳትመረመሪ መነጽር አትግዢ።"

ካርቶኑን ቀደድኩት። ብርሃኑ ከጎኔ እንዲመጣ ጠረጴዛዬን አዞርኩ። ከእያንዳንዱ ፎርም በኋላ ተነስቼ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ኮረብታ ማየት ጀመርኩ።

ጋሽ ንጉሤ አልወደዱትም። "ሰልፉ በር ደርሷል፤ አንቺ ኮረብታ ትጠብቂያለሽ?"

"ጋሼ፣ አንዱን ፎርም ሁለቴ ከምሞላ አንዴ ቀና ልበል። ካልሆነ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ" አልኳቸው። እንጀራዬ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የዲራሞ ዝምታ ከፊቴ አልሄደም። እያጉረመረሙ ወጡ። በወሩ የእሳቸውም ጠረጴዛ እንደ እኔው ዞሮ አገኘሁት።

የዲራሞ ማመልከቻ ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ ሄሉ በሚባለው አካባቢ ነርስ ናት። በቀደም ለሥራ ፈቃዷ ፎርም ልታስሞላ መጥታ፣ ሌላ ወንበር ባዶ እያለ እኔ ፊት ተቀመጠች። መታወቂያዋን አውጥታ፣ "መጀመሪያ ኮረብታሽን እዪ፤ ከዚያ አነብልሻለሁ" አለችኝ።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይኸው ነው፦ የደከመ ዓይን ያላየውን ያየ ይመስለዋል። ቀና ብላችሁ ሩቅ እዩ፤ ከዚያ ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡ።