ከአስራ ስምንት ሜትር በታች

የመጥለቅ መምህሩ ቅጽል ስሙ «አይወረድም» ነው። ስሙን ያወጡለት የጀልባው ሰዎች ናቸው፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚማር ሰው የምስክር ወረቀቱን ከማግኘቱ በፊት አራት ቀን ከመምህሩ ጋር ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከአስራ ሁለት ሜትር፣ በኋለኞቹ ሁለት ደግሞ ከአስራ ስምንት አያልፍም። መምህሩም ዓይኑን ከተማሪው ላይ አይነቅልም። ደንቡ ይኸው ነው። ሌሎቹ መምህራን ግማሽ ሜትር ቢታለፍ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። አይወረድም ግን ወይ ፍንክች! ተማሪው አንድ ክንድ ዝቅ ካለ በአየር ሲሊንደሩ ማንገቻ ጎትቶ ይመልሰዋል። ስምንት ሰው ማስተማር እየተፈቀደለት ከሁለት በላይ አይቀበልም። «ሰውዬው የሚያስተምረው እንቁላል ነው እንዴ?» እያለ የጀልባው ነጂ ይቀልድበታል።

እንዲህ የሆነው ግን ከአስር ዓመት ወዲህ ነው። ያኔ አንድ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በአራተኛው፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሃያ አንድ ሜትር ላይ ካለ አሮጌ መልህቅ ሥር በመረብ ተተብትቦ ሞተ። የምርመራው ወረቀት «ተማሪው ያለ መምህሩ ፈቃድ ወረደ» ይላል።

ውሸት ነው! ልጁ ጠይቆ ነው የወረደው። ከስምንቱ ተማሪዎች ጎበዙ እሱ ነበር፤ ወደ መልህቁ ጠቁሞ «ልይ?» ብሎ በእጁ ጠየቀ። መምህሩም በልቡ «ሦስት ሜትር ምን አላት» አለና «ሂድ» ብሎ በእጁ መለሰለት። ወዲያው የአንዷ ተማሪ መነጽር ውሃ ሞላ፤ እሷን ሲያስተካክል ጀርባውን ሰጠ። ዞር ሲል ልጁ የለም። መርማሪዎቹ ሲጠይቁት ደግሞ ፈራና ዋሸ። ሌላ ምን ይባላል? ፈራ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት፣ ክር እንደተንጠለጠለባት፣ ቢሮው ድረስ መጣች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ገና ስትገባ አወቃትና ክው አለ። የልጁ እናት ናት።

«መጥለቅ ልማር ነው የመጣሁት» አለች። «ያን መልህቅ ማየት እፈልጋለሁ።»

«አይቻልም እህቴ። ጀማሪ ከአስራ ስምንት በታች...»

«እሱን ነግረውኛል። አስራ ስምንት ላይ ሆኜ ቁልቁል ባየው አይታየኝም?»

«ውሃው ከጠራ ይታያል።»

«ይበቃኛል» አለች። «ጋሼ፣ ልጄ እምቢተኛ አልነበረም። ጎረቤት እንኳ ሳይነግረኝ አይሄድም። ወይስ እኔ እናቱ ሆኜ አላውቀውም ነበር? ከዚህ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

ያኔ መናገር ይችል ነበር። አፉን ከፈተና፣ «የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል» አለ።

ከባሕሩ በፊት በሚለማመዱበት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ፊቷን ውሃ ለማስነካት ሳምንት ፈጀባት። አንድ ቀን ከውሃው በታች አለቀሰች። መነጽር ውስጥ ደግሞ እንባ አይጠረግም፤ ዓይኗን እያርገበገበች ስትታገል ሲያይ አንጀቱን በላችው። ማታ ማታ «ነገ እነግራታለሁ» ይላል፤ ጠዋት ሲሆን ግን ሲሊንደሯን አየር ሞልቶ ቀበቶዋን ያጠብቃል። ሌላ ተማሪ አልያዘም። እሷን ብቻ፣ ክንዷን ሳይለቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የባሕር ቀናት አስራ ሁለት ሜትር ላይ መለሳት።

በሦስተኛው ቀን ደፍርሶ የነበረው ውሃ በአራተኛው ጠራ። ከጀልባው የወረደውን ገመድ ይዘው አስራ ስምንት ላይ ሲደርሱ አቆማት። መልህቁ ከእግራቸው ሥር ነበር፤ መረቡን ቆርጠው አንስተውታል፣ ዝገቱ ላይ ትንንሽ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አየች። ከዚያ ሳታስበው ይሁን አስባው፣ እጇን ዘርግታ መውረድ ጀመረች። በማንገቻዋ ያዛት። ታገለችው፤ አለቀቃትም።

ትንፋሿ ረጋ ሲል፣ ውሃ ውስጥ የሚጻጻፉበትን ነጭ ሰሌዳ ከወገቡ ፈታችና በእርሳሱ ጻፈች። «ልጄንም እንዲህ ይዘውት ነበር?»

አየው። እርሳሱን ተቀበላት። «አልያዝኩትም። ጠየቀኝ፤ ሂድ አልኩት» ብሎ ጻፈ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ከዚያ ጥልቀት ቀስ ተብሎ ነው የሚወጣው፤ አምስት ሜትር ሲቀር ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይቆያሉ። ሰውነት ከአየሩ የመጠጠውን ጋዝ እስኪያራግፍ መጠበቅ ግድ ነው። ጀማሪ ካልተያዘ ሽቅብ ያመልጣል። ስለዚህ ሊይዛት እጁን ዘረጋ። ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ እጇን ሰጠችው። ሦስቱን ደቂቃ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆዩ። እንደዚያ የረዘመ ጊዜ በዕድሜው አላየም።

ጀልባው ላይ ነጂው ፎጣ ደረበላት። አይወረድም ይቅርታ ሊላት ፊቷ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ ወረቀታችሁን አምኜ ነበር» አለች። አልጮኸችም። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መቃብሩ ላይ እየሄድኩ፣ ምነው ሰው የሚልህን ብትሰማ ኖሮ፣ ምነው ባትታበይብኝ እያልኩ ስቆጣው ኖርኩ። አንድም ቀን ሳልቆጣው ተመልሼ አላውቅም።»

ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«አሁን ሄጄ ምን ልበለው?»